በዉዱእ ውሃና በገረባ ያሳደግናቸው ዛፎች

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ያኔ መንገዱ በመስመር ተቀይሶ የተሠራው ሰፈር ከዚራ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። በግንቦት እኩለ ቀን ከመጋላ ሰፈር ተነስታችሁ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ከዚራ ስትገቡ ሰውነታችሁ ራሱ ይነግራችኋል። አስፋልቱ ያው አስፋልት፣ ፀሐዩ ያው ፀሐይ፣ ግን ትተነፍሳላችሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ወደዚያ ስትልከኝ ሳልጠራ እነሳ ነበር። መመለሱ ነበር የሚከብደኝ።

ምክንያቱም እኛ የምንኖረው በወዲህኛው በኩል ነው፣ ደቻቱ ዳር። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የተደገፈበት፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት መንደር። ቀን የጋለው ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ሲተፋ ያድራል። በበጋ ፍራሽ እያወጣን ግቢ ውስጥ ነበር የምንተኛው።

አሁን ከመንደራችን መግቢያ እስከ መስጊዱ ድረስ 34 ዛፍ አለ። ትልልቆቹ ከቤት ጣሪያ በልጠዋል። የሌላ ሰፈር ሰዎች እየመጡ «እንዴት አደረጋችሁት?» ይሉናል። ችግኙን ከየት አገኛችሁ፣ ማን ረዳችሁ፣ ስንት ወጣበት ይላሉ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ለሌላ ሰፈርም ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደጀመርነው ልናገር።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.። የድሬ ሰው ይህን ቀን አይረሳውም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሸቅጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከብት ያልፍበታል። ያን ሌሊት ሰው በተኛበት ከላይ ከተራሮቹ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። እኛ ቤት ውሃው እስከ ወገብ ደርሶ ነበር። ጎረቤቶቻችንን ቀብረናል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዳመና በጠቆረ ቁጥር እናቴ ልብሷን ለብሳ ነበር የምትተኛው።

ብዙ ጊዜ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ወደ ሐረር በሄድኩ ቁጥር ደንገጎን ስንወጣ በመኪናው መስኮት ተራራውን አያለሁ። ብዙው ቦታ ራቁቱን ነው። ዛፍና ሣር ያለበት ተራራ ዝናቡን ቀስ አድርጎ ይጠጣዋል፤ የተራቆተው ግን ልክ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉንም በአንዴ ወደ ታች ይለቀዋል። ታች ያለነው ደግሞ እኛ ነን። ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤት ልጅ ሌላም ነገር ጨመረችልኝ። አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ በዓመት ብዙ ቀን ባይዘንብም የዘነበ ቀን ድብደባ ይሆናል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር ለእኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። ድርቁም ጎርፉም ከአንድ ቤት ነው የሚወጡት።

በ2011 ክረምት ታዲያ አገሩ ሁሉ ችግኝ ሊተክል ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለበት ማለት ነው። እኛም ወጣን። የሰፈሩ ወጣት፣ እናቶች፣ ተማሪዎች ሆነን 60 ችግኝ ተከልን። ያን ቀን የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ጥር ላይ ስንቆጥር 4 ቀርተው ነበር።

አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ ግን የደረቁትን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ምን እንደገደላቸው ማየት ጀመርኩ። ይህንን ሥራ ማንም ሰው ቢሠራው እመክራለሁ፣ ምክንያቱም የሞተ ችግኝ ብዙ ያስተምራል። ስድስቱ ከነጥቁር ፕላስቲካቸው ነበር የተተከሉት። ሥራቸው እዚያው ተጠቅልሎ ቀርቷል። ወደ ሃያ የሚሆኑትን ፍየል ነው የበላቸው። የቀሩት ውሃ ጥም ነው። ጉድጓዳቸውም ክንድ አይሞላም፤ በተተከሉበት ቀን ነበር የተቆፈረው፣ በጥድፊያ። ከሁሉም በላይ ግን አንዱም ችግኝ ባለቤት አልነበረውም። «የሁላችንም ነው» ብለን ነበር የተከልናቸው። ሁሉም ሰው ሌላው ያጠጣዋል ብሎ አሰበ።

ትልቁ ጥያቄ ውሃ ነበር። ድሬ ላይ ውሃ በየቀኑ አይመጣም። ቢጫ ጀሪካን ደርድራ ተራ የምትጠብቅን እናት «ዛፍ አጠጪ» ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ስንጀምር አንድ ውሳኔ ወሰንን፤ የሚጠጣ ውሃ ለዛፍ አይሰጥም። ይልቁንስ ለአንድ ሳምንት ከእኛ ቤት ምን ዓይነት ውሃ እየተደፋ እንደሆነ ጻፍኩ። ሩዝና ምስር የታጠበበት፣ አትክልት የታጠበበት፣ የልብስ የመጨረሻ ማለቅለቂያ፣ የእጅ መታጠቢያ። በቀን ከአንድ ባልዲ በላይ ነው! የኦሞውን የመጀመሪያ ውሃ አንሰጥም፣ በረኪና የነካውን በፍጹም። የቀረውን ግን ዛፉ ይጠጣዋል።

አንድ ቀን አሱር ሰላት ሰዓት በመስጊዱ ሳልፍ የዉዱኡ ውሃ፣ ከሰላት በፊት የሚታጠቡበት ማለት ነው፣ በቦይ ሲወርድ አየሁ። ንጹህ ውሃ ነው፣ ሳሙና የለበትም። በቀን አምስት ጊዜ! እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ሁለት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ በር ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፣ በቀጥታ ነው የምናወራው።

«አባባ፣ የዉዱኡ ውሃ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቦዩ ነዋ። ምነው ልጄ?»

«ለዛፎቹ ስጠን።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «አቦ ይሄን ለመጠየቅ ነው እንዲህ የፈራሽው? ወንዝ ዳር ሆነን እንኳ ውሃ ማባከን ተከልክለናል እኮ!»

በሳምንቱ የመስጊዱ ወጣቶች ራሳቸው ቦዩን ጠለፉት። ሰፈራችን ያለ አንድ ግንበኛ አሮጌ ቧንቧ ሰጠ። ዛሬ 11 ዛፎች የሚጠጡት ያንን ውሃ ነው፤ ከሁሉም የፈጠኑትም እነሱ ናቸው። ሰፈራችሁ መስጊድ ካለ ከዚህ ጀምሩ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው አንድ ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው።

ባለቤት የማበጀቱን ነገር ደግሞ ለእድሩ ሰጠነው። አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ማኅተም አልፈለግንም። ሰው በየወሩ የሚሰበሰብበት፣ የሚተማመንበት ነገር አስቀድሞ አለ። ሐረር ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ አፎቻ አላቸው፤ ሐዘኑም ሠርጉም በእሱ ነው የሚያልፈው። ዛፍም በዚያው ማለፍ ይችላል። በእድራችን ስብሰባ ላይ መዋጮ ከተነበበ በኋላ አምስት ደቂቃ የዛፍ ሆነ። እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ ቤት ተሰጠ። ጠሪው የቤቱን ስም ይጠራል፣ ባለቤቱ «ደህና ነው» ወይም «ታሟል» ይላል። ይኸው ነው። ሰው ሰፈር ሲቀይር ዛፉን ለሚቀጥለው ተከራይ አስረክቦ ነው የሚሄደው፣ ከቁልፉ ጋር።

አንድ አባል ችግኙ የደረቀበት ቤት ይቀጣ ብሎ ነበር። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ፤ አሁንም እቃወማለሁ። ችግኝ የሚደርቅበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የታመመ ሰው ያለበት ወይም እናትየው ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውልበት ቤት ነው። ቅጣት ስታስገባበት ሰው ዛፉን መጥላት ይጀምራል። ጎረቤት ይሸፍንለት ተባለ፣ ተስማማን።

ፍየሎቹስ? ይህ ረጅም ጊዜ ወስዶብናል። ሰፈራችን ፍየል የምታረባ እናት አለች። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን አክስትን ኤዶ ይላሉ፣ እኛም ኤዶ ነው የምንላት። መጀመሪያ ተጣላን። «እሰሪያቸው» አልናት። እሷም «ላስራቸው፣ ምን ይብሉ?» አለችን። ትክክል ነበረች። የምትኖረው በእነሱ ወተት ነው።

መፍትሔው ከገረባ ነው የመጣው። ለሌላ አገር ሰው፣ ገረባ ማለት ጫት ተቅሞ የሚቀረው እንጨትና ቅጠል ነው። ድሬ ላይ ከበርጫ በኋላ በየመንገዱ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ፍየል ይወደዋል። ከሦስት መቃሚያ ቤቶች ጋር ተነጋገርን፤ ማታ ገረባውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ኤዶ በር ላይ እንዲያስቀምጡላት። ፍየሎቹ ጠዋት እዚያው በልተው ይጠግባሉ። እሷም በበኩሏ የግራር እሾህ አምጥታ ችግኞቹን በእጇ አጠረችልን። እንደ እሷ አጥር የሚያጥር ሰው አላየሁም። ዛሬ የሰፈሩን ዛፍ ሊቆርጥ የመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚገጥመው ከኤዶ ጋር ነው።

ፍየል የማይጨርሰውን ገረባ ከፍየሎቹ ፍግና ከማዕድ ቤት ትራፊ ጋር ጉድጓድ ውስጥ እናነባብረዋለን። ውሃ እናርከፈክፍበታለን፣ በየሁለት ሳምንቱ እናገላብጠዋለን። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር ለስላሳ አፈር ይሆናል። ወፍራም እንጨቱን ስበሩት፣ አለበለዚያ አይበሰብስም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጫት ላይ የሚረጭ መድኃኒት ስላለ ይህንን ብስባሽ ለዛፍ እንጂ ጓሮ ላለ ሰላጣና ጎመን አንጠቀምበትም።

ይህ ብስባሽ ለዛፉ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የሚበሰብስ ነገር ቆሻሻ ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲታፈን ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። አየር እያገኘ ሲበሰብስ ግን ይህ ጋዝ በጣም ይቀንሳል። እኔ ይህን ሳውቅ ነው የማገላበጡን ሥራ ችላ ማለት የተውኩት። እጅ ያማል፣ ግን ይገላበጣል።

ስለ አተካከሉ ደግሞ፦

ጉድጓዱን ሰኔ ላይ ቆፍሩት፣ ክረምቱ ሳይጠነክር። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ በላይ ቢሆን ጥሩ። ከተቆፈረው አፈር ጋር ብስባሹን ቀላቅሉና ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ትተክላላችሁ። ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱት፣ አፈሩ እንዳይፈርስ ቀስ ብላችሁ። ዙሪያውን እንደ ሰሃን ጎድጎድ አድርጉት፣ ውሃ እንዲቆይበት። ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ሸፍኑት።

ከመስጊዱ ቧንቧ ለራቁት ዛፎች ደግሞ የተሰነጠቀ እንስራ ጠቀመን። ከችግኙ አጠገብ እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ውሃ ሙሉትና ክደኑት። ሸክላው ውሃውን በላቡ ቀስ እያለ ይሰጣል፣ ሥሩም ወደ ታች እየተከተለው ይሄዳል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ መሙላት በቂ ነው። እንስራ ከሌለ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ ትልቅ ሃይላንድ ገልብጦ መትከልም ይሠራል፣ ግን እንስራውን አያህልም። ሁለት በጋ እንዲህ ከተረፈ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል።

የዛፍ ምርጫ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። እኛ አብዛኛውን ኒም ነው የተከልነው። የድሬን ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ፍየል እምብዛም አይደፍረውም። ከቤት ግድግዳና ከውሃ መስመር ግን አርቁት፣ ሥሩ ኃይለኛ ነው። ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚሉት፣ ሲያብብ ልብ ያጠፋል፤ ይሁንና ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል፣ ሥሩም ወደ ላይ ስለሚሄድ የእግር መንገድ ያነሳል። ሰፋ ያለ ቦታ ላላችሁ ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ ሽፈራውና ጊሽጣ ትከሉ። ሽፈራው ቅጠሉ ይበላል። ጊሽጣ ለድሬ ልጅ አይነገረውም። አገር በቀል ከፈለጋችሁ ቁርቁራና ሁመር ደረቁን አየር የለመዱ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ግን ለልጅ ልጅ ይቆያሉ። ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጉ። አንድ በሽታ ቢመጣ ሁሉንም ይወስዳል።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ደግሞ ቦዮቹን እንጠርጋለን። ከቦይ የምናወጣው በአብዛኛው ፌስታል ነው፤ ጫት የተያዘበት፣ ዳቦ የተያዘበት። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ መጽደቁን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዘንቢላችንን ይዘን እንውጣ።

እድር ላይ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ የተናገረውን ሳልጽፍ አላልፍም፣ ምክንያቱም እናንተም ሰፈር ይነሳል። «ፈረንጅ ባጨሰው ጭስ እኛ ምን ቤት ነን? ፋብሪካው የእነሱ፣ መኪናው የእነሱ፣ እኛ ዛፍ እያጠጣን ልንመልሰው ነው?» አለ። ቤቱ ዝም አለ። እኔም ተሳስተሃል አላልኩትም፣ አልተሳሳተማ። ዓለም ላይ ከሚወጣው ጭስ ኢትዮጵያ የምታወጣው 1 በመቶ አይሞላም። ያጨሱት ሊቀንሱ፣ ሊክሱም ይገባል፤ ይህን መጠየቅ አለብን። ግን ደቻቱ ሲመጣ ማን አጨሰ ብሎ አይጠይቅም። ከ2013 እስከ 2015 በምሥራቅና በደቡብ የአገራችን ክፍል አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ምንም አላጨሰም። እነሱ እስኪቀንሱ እኛ ልጆቻችንን የምናስጠልልበት ጥላ ያስፈልገናል። ይህን ነበር ያልኩት። ሰውዬው አንድ ኒም ወሰደ፣ ከሁሉም ቀጥ ብሎ ያደገው የእሱ ነው።

ሰው «ከንቱ ድካም ነው» ሲለኝ ደግሞ ሐሮማያን ነው የምጠቅሰው። በሐረር መንገድ ያለችውን ሐይቅ ማለት ነው። የሐረር ሰው ይጠጣት የነበረች፣ ጀልባ ይሄድባት የነበረች ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ ደረቀች። ፓምፑ ለጫትና ለአትክልት ቀን ከሌት ሳባት፣ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ሞላት፣ ሙቀቱ የቀረውን አተነነው። ሐረር ያለችው አክስቴ ያኔ ውሃ በጀሪካን እየገዛች ስንት ጊዜ አልቅሳለች! ከድሬ በኩል ከጉድጓድ ወጥቶ በቧንቧ ሽቅብ እስኪሄድላቸው ድረስ ብዙ ተሰቃይተዋል። አሁን ግን በቅርብ ዓመታት ሐይቋ እንደገና ውሃ ይዛለች። ዝናቡ ረድቷል፣ በዙሪያዋ ባሉት ተራሮች ላይ የተሠራው እርከንና ተከላም ረድቷል። አክስቴን ይዣት ሄጄ አይተናታል። ከመኪና ወርዳ ዳሩ ላይ ቆመች፣ ምንም አልተናገረችም።

ቤት ውስጥ ስለሚደረገው አጭር ነገር ልበል። ከሰል የሚመጣው እንደ ግራር ካሉ ዛፎች ነው። ከሰል ለምታነዱ ላቀች ምድጃ ግዙ፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። በእንጨት እንጀራ ለምትጋግሩ ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል፣ ዓይናችሁንም ከጭስ ያድናል። መብራት ሲኖር በመብራት አብስሉ፤ የእኛ አገር መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ዘፍዝፉ። ድስት ክደኑ።

ዘንድሮ ለ12 ዛፍ ጉድጓድ ቆፍረናል፣ በደቻቱ በኩል ባለው ዳር። ዘጠኙ ቤት አግኝተዋል። ለሦስቱ እየፈለግን ነው፤ ከመካከላቸው አንዱን ኤዶ «የማንም ካልሆነ የእኔ ይሁን» ብላለች፣ ግን ሁለት ስላላት እድሩ ገና አልወሰነም። ሰፈራችን አካባቢ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መስጊዱ በር ኑ። ዶማ ያለው ዶማ ይያዝ። ጊሽጣ የምትበሉ ደግሞ ጥቁሩን ፍሬ አትጣሉት፣ አድርቃችሁ አምጡልን።